አውቶሞቢሉ የት ይደር?

ከሽሮ ሜዳ እስከ አያት፥ ስለ ጋራዥ የተደረገ የአንድ ቀን ጉዞ

ሰው ቤት ሊሠራ በተነሣ ጊዜ አስቀድሞ የሚጨነቀው ስለ ሳሎኑ ነው። ቀጥሎ ስለ መኝታ ቤቱ፥ ከዚያም ስለ ወጥ ቤቱና ስለ መታጠቢያው ያስባል። ስለ ጋራዡ ግን የሚያስብ ጥቂት ነው። ፕላኑ ሊያልቅ ሲል መሐንዲሱ በተረፈው ጥግ ላይ አንድ አራት ማዕዘን ይሥልና «ይህ የመኪናው ነው» ይላል፤ ባለቤቱም ራሱን ነቅንቆ ይፈርማል። ቤቱ ተሠርቶ ሰው ከገባበት በኋላ ግን ያ ትንሽ አራት ማዕዘን የግቢው ጌታ ሆኖ ይገኛል። ልጆች የት እንደሚጫወቱ፥ ድንኳን የት እንደሚተከል፥ አሮጊት እናት በየት በኩል ፀሐይ እንደሚሞቁ የሚወስነው እርሱ ነው።

አንባቢ እንዳይሳሳት፥ በአገራችን ጋራዥ ሲባል መኪና የሚጠገንበት ሥፍራም ነው። እኛ ዛሬ የምንናገረው ግን በመኖሪያ ግቢ ውስጥ መኪና ስለሚያድርበት ቤት ብቻ ነው።

ይህን ነገር እንዳሰላስል ያደረገኝ የእኅቴ ልጅ ነው። ከብዙ ዓመት ቁጠባ በኋላ በአዲስ አበባ ምሥራቅ፥ በአያት በኩል፥ 200 ካሬ ሜትር ቦታ አገኘና የቤቱን ፕላን አሠርቶ ባለፈው ወር ወደ እኔ መጣ። «ጋሼ፥ ሥራውን ከመጀመሬ በፊት እስቲ ይመልከቱልኝ» ብሎ ወረቀቱን በጠረጴዛ ላይ ዘረጋ። ቦታው በመንገዱ በኩል 10 ሜትር፥ ወደ ውስጥ 20 ሜትር ነው። መሐንዲሱ ጋራዡን ከግቢው መጨረሻ፥ ከቤቱ በስተኋላ አድርጎታል። ወደዚያ ለመድረስም ከበሩ ጀምሮ በቤቱ ጎን 3 ሜትር ስፋትና 14 ሜትር ርዝመት ያለው መተላለፊያ ተሰጥቶታል። ቤቱ ከኋላ በጋራዡና በሰርቪስ ቤቱ ስለ ተገፋ ወደ ፊት መጥቶ አጥሩን ሊነካ ጥቂት ቀርቶታል።

ሥራው ንጹሕ፥ መሥመሩም ቀጥ ያለ ስለ ነበር እኔ ጉድለት አልታየኝም። ከአጠገባችን ተቀምጠው ቡና ይጠጡ የነበሩት ታላቅ እኅቴ ግን መነጽራቸውን አድርገው ወረቀቱን ጥቂት ካዩ በኋላ ሁለት ጥያቄ ብቻ ጠየቁ። «ድንኳን የት ይተከላል? እኔስ ጧት ጧት ፀሐይ የምሞቀው የት ነው?» አሉ። ልጁ መልስ አጣ፤ እኔም አጣሁ። እኅቴ ሰማንያ ዓመት አልፏቸዋል። ወደ አዲሱ ቤት ገብተው ከልጃቸው ጋር ሊኖሩ ነውና ጥያቄው የዋዛ አልነበረም።

ተቀምጠን ብናሰላው መተላለፊያው 42 ካሬ ሜትር፥ ጋራዡ 18 ካሬ ሜትር፥ በድምሩ 60 ካሬ ሜትር ሆነ። ይህም ከጠቅላላው ቦታ ከመቶ 30 እጅ ነው። ቀኑን ሙሉ ከግቢ ውጭ ለሚውል ዕቃ ከመሬቱ ሲሶ ሊሆን ጥቂት የቀረው ተሰጥቶታል ማለት ነው። «እንግዲያውስ ነገ ፕላኑን በብብትህ ያዝና አብረን እንውጣ። ይህ ከተማ ራሱ ያስተምረናል» አልኩት።

ዳገቱና ውሃው

በማግሥቱ ማለዳ በልጁ አሮጌ መኪና ተሳፍረን መጀመሪያ ወደ ሽሮ ሜዳ ወጣን። አዲስ አበባ ተዳፋት ከተማ ናት። ከእንጦጦ ጫፍ እስከ ቦሌ ሜዳ ድረስ ያለው የከፍታ ልዩነት ከ700 ሜትር ይበልጣል። በእንጦጦ ላይ የወረደው የክረምት ዝናብ ሁሉ በየሰፈሩና በየግቢው መካከል አልፎ ወደ ታች ይወርዳል። ስለዚህ በዚህ ከተማ ጋራዥ የሚሠራ ሰው አስቀድሞ ሊጠይቀው የሚገባው «መኪናው በየት ይገባል?» ብሎ ሳይሆን «ውሃው በየት ይወጣል?» ብሎ ነው።

በሽሮ ሜዳ አንድ ወዳጃችን ግቢው ከመንገዱ በታች ነው። ጋራዡን ከቤቱ ሥር አድርጎ ከመንገዱ ወደ ውስጥ ቁልቁል የሚወርድ የሲሚንቶ መንገድ ሠርቶለታል። ቦታ ለመቆጠብ ብሎ ያደረገው ነው። ነገር ግን በሐምሌና በነሐሴ መንገዱን ይዞ የሚመጣው ጎርፍ በዚያው ቁልቁለት ይገባል። «በየክረምቱ በጋራዡ የምናሳድረው መኪናውን ሳይሆን ውሃውን ነው» ሲል ሳቀ። ሳቁ ግን ከልብ አልነበረም፤ የግድግዳው ልስን እስከ ጉልበት ድረስ ረጥቦ ተልጧል። መኪናውም በክረምት ከአጥር ውጭ ያድራል።

ከመንገዱ ማዶ፥ በዳገቱ በኩል ያለው ጎረቤቱ ደግሞ በተመሳሳይ ሐሳብ ሌላ ውጤት አግኝቷል። የእርሱ ግቢ ከመንገዱ በላይ ስለ ሆነ ኮረብታውን ቆርጦ ጋራዡን በመንገዱ ልክ ከቤቱ ሥር አስገብቶታል። ወለሉ ወደ ውጭ ጥቂት ያዘነበለ ነውና ውሃ አይገባበትም። ግቢውም ከላይ ሳይነካ ቀርቷል፤ ጎመኑም ጌሾውም በቦታው አለ። እንግዲህ በተዳፋት ላይ ከቤት ሥር የሚሠራ ጋራዥ ለላይኛው ግቢ በረከት፥ ለታችኛው ግቢ መከራ ነው ማለት ይቻላል። ከመንገድ በታች ከመሆን ሌላ ምርጫ የሌለው ሰው ቢያንስ ደፉን ከመንገዱ ጥቂት ከፍ ያድርግ፤ ከበሩም ፊት ለፊት ከዳር እስከ ዳር የብረት ፍርግርግ የለበሰ ቦይ ያበጅ። ቁልቁለቱም በያንዳንዱ ሜትር ከ15 ሳንቲ ሜትር ባይበልጥ መልካም ነው፤ አለዚያ መኪናው ሆዱን ይመታል፥ በእርጥብ ጧትም ጎማው ይንሸራተታል።

በዚህ ሥፍራ አንድ ከባድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። በተዘጋ ክፍል ውስጥ የከሰል ምድጃ አቀጣጥሎ የተኛ ሰው እንዴት እንደሚሞት ሁላችንም ሰምተናል። ያ ገዳይ አየር ካርቦን ሞኖክሳይድ ይባላል፤ ቀለምም ሽታም የለውም። በቤንዚን ወይም በናፍጣ የሚሠራ ሞተር የሚተፋው ጭስም ይኸው አየር አለበት። ስለዚህ ከመኝታ ቤት ሥር ወይም ከመኝታ ቤት ጎን ያለ ጋራዥ በበሩ ላይና በግድግዳው ላይ አየር ማስወጫ ሊኖረው ይገባል። ሞተሩንም በተዘጋ በር ውስጥ አስነሥቶ ማሞቅ ፈጽሞ አይገባም። ሞተሩ የሚነሣው በሩ ተከፍቶ፥ መኪናው ወዲያው ሊወጣ ሲል ብቻ ነው።

ከበቅሎ ጋጣ እስከ አውቶሞቢል

ከሽሮ ሜዳ ወርደን በስድስት ኪሎ አልፈን ወደ አራት ኪሎ ስንቃረብ ልጁ «ለመሆኑ መኪና ከመምጣቱ በፊት ሰው እንዴት ያደርግ ነበር?» ሲል ጠየቀኝ። ጥያቄው ጥሩ ነው። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቈረቈር የሰው እግር የነበሩት በቅሎና ፈረስ ናቸው። የቤተ መንግሥቱን ፈረሶችና በቅሎዎች የሚያዝዘው ሹም ባልደራስ ይባል ነበር፤ ይህም ማዕረግ ትልቅ ማዕረግ ነው። በደጋው ገጠር ደግሞ ገበሬው በቅሎውንና ጥጃውን በራሱ ቤት ጣራ ሥር፥ በአንድ ወገን በተከለለ ጋጣ ያሳድር ነበር። ይህን ያደርግ የነበረው ሽታውን ወድዶ አይደለም፤ ጅቡንና ሌባውን ፈርቶ ነው።

የመጀመሪያው አውቶሞቢል በ1900 ዓ.ም. ወደ አዲስ አበባ ገባ። ቤድ ቤንትሌይ የተባለ እንግሊዛዊ ከባሕር ጠረፍ ተነሥቶ፥ በረሃውንና ዳገቱን አልፎ፥ ለዳግማዊ ምኒልክ አመጣላቸው። ከዚያ ቀን ወዲህ እነሆ ከመቶ ዓመት በላይ ሆነ። ጅቡ ከከተማው መሀል ራቀ፤ ሌባው ግን ቀርቷል። የዛሬው ሌባ ሙሉ መኪና ባያገኝ ስፖኪዮውን ነቅሎ ይሄዳል። ስለዚህ ባለመኪና ሁሉ እንደዚያ ገበሬ ነው፤ ሀብቱ ከዓይኑ እንዳይርቅበት ይፈልጋል። መሐንዲሱም ጋራዡን ከግቢው መጨረሻ የደበቀው ይህን አስቦ ይሆናል። ነገር ግን ገበሬው በቅሎውን ከቤቱ ጓሮ አልደበቀም፤ ድምፅ ከሚሰማበት ከአጠገቡ አሳደረ እንጂ። ከጓሮ የተደበቀ መኪና ላይ ሌባ ቢመጣ ማን ይሰማዋል? ከበሩ አጠገብ፥ ከሳሎኑ መስኮት ፊት ለፊት ያለውን ግን የቤቱ ሰው ሁሉ ይጠብቀዋል።

ካዛንችስ

ከአራት ኪሎ ወደ ካዛንችስ ወረድን። የሰፈሩ ስም ራሱ የቤት ታሪክ ነው። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በቆየው የወረራ ዘመን ጣልያኖች ለመንግሥታቸው ሠራተኞች ቤት የሚሠራ ኢንቺስ የሚባል መሥሪያ ቤት ነበራቸው። «ካዛ ኢንቺስ» ማለት የኢንቺስ ቤት ማለት ነው፤ የከተማው ሰው አፍ ይህን ለውጦ ካዛንችስ አደረገው።

እኔ በልጅነቴ በዚህ ሰፈር የማውቀው አንድ ቤት ነበር። ዝቅ ያለ ባለ አንድ ፎቅ ቪላ ሲሆን በፊቱ አበባና የኮክ ዛፍ ነበረው። መኪናው ከበሩ እንደ ገባ በግራ በኩል፥ ከአጥሩ ጥግ ተጠግቶ በቆርቆሮ ጥላ ሥር ይቆማል። ከዚያ ወዲያ አንዲት እርምጃ አይሄድም። ከጥላው እስከ በረንዳው ያለው ቦታ የሰው ነበር። እኛ ልጆች ብይ የተጫወትነው፥ የቤቱ እመቤት በርበሬ ያሰጡት፥ የትልቋ ልጅ የሠርግ ድንኳን የተተከለው በዚያ ሥፍራ ነው።

ያን ቤት ለእኅቴ ልጅ ላሳየው ፈልጌ ነበር፤ ግን አልተቻለኝም። በ2017 ዓ.ም. የካዛንችስ ብዙው ክፍል ፈርሶ ሰፈሩ በአዲስ መልክ መሠራት ጀምሯል። የቤቱን ሥፍራ እንኳ በትክክል ለይቼ ማመልከት አቃተኝ። መኪናችንን አቁመን ጥቂት ቆየን። ልጁም ዝም ብሎ ከቆየ በኋላ «መኪናው ከበሩ ሳይርቅ መቆሙን እንዴት አስታወሱት?» አለኝ። እኔም «መኪናውን አይደለም የማስታውሰው፤ ሜዳውን ነው። ሜዳው ሰፊ የነበረው መኪናው ከበሩ ስላላለፈ መሆኑን ግን ትናንት እናትህ እስኪጠይቁ ድረስ አላወቅሁም ነበር» አልኩት።

የቦሌ ቪላዎች

በኡራኤል በኩል አድርገን ወደ ቦሌ ሄድን። ቦሌ የአየር ማረፊያው ልጅ ነው። አየር ማረፊያው በ1950ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ ሥራ ከጀመረ ወዲህ አካባቢው በቪላ መሞላት ጀመረ። የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን በ1950 ዓ.ም.፥ የአፍሪካ አንድነት ድርጅት በ1955 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ስለ ተቋቋሙ ከውጭ የሚመጣው ሰው በዛ። ለእርሱ የሚከራይ ቤት መሥራትም ጥሩ ገቢ ሆነ። ቤቱ ሰፊ፥ ግቢው ሰፊ፥ መኪናውም ከአንድ በላይ ስለ ነበር ጋራዡ ከሰርቪስ ቤቱ ጋር ተያይዞ ከግቢው መጨረሻ ቢሆን የሚጎዳ አልነበረም። መሬቱ ለሁሉ ይበቃል።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ተለወጠ። በሐምሌ ወር 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ለአንድ ቤተ ሰብ መኖሪያ የሚሰጠውን ቦታ ከ500 ካሬ ሜትር እንዳይበልጥ ወሰነ። ዛሬ ደግሞ 200 ካሬ ሜትር ያገኘ ሰው ዕድለኛ ነው። ነገር ግን የብዙ መሐንዲሶችና የብዙ ባለቤቶች ዐይን የተማረው በእነዚያ በትልልቆቹ ቪላዎች ነውና ረጅሙን መተላለፊያና የኋላውን ጋራዥ በትንሹ መሬት ላይም ይሥሉታል። የትልቅ ሰው ካፖርት ለሕፃን እንደ ማልበስ ነው።

በቦሌ ውስጥ ለውስጥ መንገዶች ስንዘዋወር ሌላ ነገር አየን። በአጥሩ መሥመር ላይ የተሠሩ ብዙ ጋራዦች ዛሬ ጋራዥ አይደሉም። አንዱ ሱቅ፥ አንዱ ፀጉር ቤት፥ አንዱ የጀበና ቡና መሸጫ ሆኗል። መኪናው ከውጭ ያድራል፤ ጋራዡ ግን ኪራይ ያመጣል። ይህን አይቶ መሳቅ አይገባም። ጋራዥ በእኛ አገር ለመኪና ብቻ ሆኖ አያውቅም። በሠርግ ጊዜ ጠላው የሚጠመቅበት፥ በለቅሶ ጊዜ የእድሩ ሴቶች ወጥ የሚሠሩበት፥ ዘመድ ከገጠር ሲመጣ ፍራሽ የሚነጠፍበት ሥፍራ ነው። እንግዲህ አስቀድሞ ይህን ዐውቆ መሥራት ብልህነት ነው። ነገር ግን እሳት የሚነደው መኪናው ከወጣ፥ የቤንዚን ጄሪካንም ከዚያ ከተነሣ በኋላ ብቻ ነው። የቤንዚን ትነት ከአየር ይከብዳልና ወለል ለወለል ሄዶ ከሩቅ ያለ ፍም ሊያገኝ ይችላል።

ጋራዥ የሌለበት ሰፈር

ከቦሌ ወደ ገርጂ አለፍን። ገርጂ በ1990ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ የኮንዶሚኒየም ቤቶች መጀመሪያ ከተሠሩባቸው ሥፍራዎች አንዱ ነው። በዚያ የግል ጋራዥ የለም፤ መኪኖች በሕንፃዎቹ መካከል በግልጥ ሜዳ ይቆማሉ። እኛ በደረስንበት ሰዓት ከአንዱ ሕንፃ በታች ሰዎች ተሰብስበው ነበር። ከነዋሪዎቹ አንዱ ሌሊት ዐርፎ ኖሯል። የእድሩ ሰዎች ድንኳን ይዘው ቆመዋል፤ አንድ ጎልማሳ ሰውም የመኪኖቹን ታርጋ እየተመለከተ ወደየፎቁ እየጮኸ ባለቤቶቹን ይጠራል። አንድ በአንድ እየወረዱ መኪናቸውን አነሡ። አንዱ እንኳ ያጉረመረመ አልነበረም። በሩብ ሰዓት ውስጥ መኪና የነበረበት ሜዳ የሐዘን ቤት ሆነ።

እኛም ወርደን «እግዚአብሔር ያጥናችሁ» አልንና ጥቂት ተቀምጠን ተነሣን። የእኅቴ ልጅ መኪናው ውስጥ ከገባ በኋላ ለረጅም ጊዜ አልተናገረም። በመጨረሻ «መኪናው የቆመው ድንኳን በሚተከልበት ቦታ ላይ ነው። ድንኳን ሲመጣ ግን ይነሣል። ሁለቱ አንድ ቦታ ነው የሚጠቀሙት» አለ። እኔም ከዚያ በላይ የምለው አልነበረኝም፤ የፈለግነውን ነገር እርሱ ራሱ አገኘው።

በአያት፥ በባዶው መሬት ላይ

በመገናኛና በሲኤምሲ በኩል አድርገን ከምሳ በኋላ አያት ደረስን። እኅቴ በሌላ መኪና ቀድመውን መጥተው በባዶው ቦታ መካከል ቆመዋል። ይዘውት የመጡት አንዲት ዱካ ብቻ ነው። መንገዱ ከቦታው በስተምሥራቅ ስለ ሆነ የጧት ፀሐይ የሚገባው በበሩ በኩል ነው። እርሳቸውም ዱካዋን ከመንገዱ 5 ሜትር ያህል ወደ ውስጥ፥ ወደ ደቡቡ ጎን አድርገው አስቀመጡና ተቀመጡባት። «እኔ እዚህ ነኝ፤ እንግዲህ መኪናችሁን የፈለጋችሁበት አድርጉት» አሉ።

እኛም ኖራ ይዘን መሬቱ ላይ ማሥመር ጀመርን። ጋራዡን ከሰሜኑ አጥር ተጠግቶ ከበሩ ወዲያው እንዲጀምር አደረግነው፤ 3 ሜትር በ6 ሜትር። የሰሜኑን ጎን የመረጥነው በምክንያት ነው። በኅዳር፥ በታኅሣሥና በጥር፥ ብርዱ በሚበረታበትና ሽማግሌ ፀሐይ በሚፈልግበት ወራት ፀሐይ ወደ ደቡብ ታዘነብላለች። የጋራዡም ጥላ ወደ ሰሜን፥ ወደ አጥሩ ይወድቃል እንጂ በሜዳው ላይ አይወድቅም። ጋራዡን በደቡቡ ጎን ብናደርገው ኖሮ በእነዚያው ወራት ጥላው የእኅቴን ዱካ ይሸፍን ነበር።

ቀጥለን ግድግዳውን አሰብን። በሰሜን አጥሩ ራሱ ግድግዳ ይሆናል። ወደ ሜዳው ያለው ጎን ግን ክፍት ሆኖ በምሰሶ ብቻ እንዲቆም ተስማማን። አንድ የቤት መኪና በአማካይ 4 ሜትር ተኩል ይረዝማል፥ 1 ሜትር ከ80 ይሰፋል። በተዘጋ የ3 ሜትር ጋራዥ ውስጥ በሁለቱም ጎን የሚቀረው 60 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነውና ለወጣት ይበቃ እንደ ሆነ እንጂ በትር ይዘው ለሚወርዱ እናት አይበቃም። አንዱ ጎን ክፍት ከሆነ ግን በሩ እስከ መጨረሻው ይከፈታል። ጭሱም ይበተናል። ደግሞም ወለሉን ከሜዳው ጋር በአንድ ልክ ሊሾ ብናደርገው መኪናው በወጣ ቀን ያው ጋራዥ ዳስ ይሆናል። 6 ሜትር በ6 ሜትር የሆነ ድንኳን በሜዳው ይተከላል፤ ጋራዡ ሲጨመርበት ከአጥር እስከ አጥር 10 ሜትር በ6 ሜትር፥ ማለት 60 ካሬ ሜትር የሰው ቦታ ይገኛል። በመጀመሪያው ፕላን 60 ካሬ ሜትር የመኪናው ድርሻ ነበር፤ አሁን ያንኑ ያህል ለእንግዳ ሆነ። ከኋላ የቀረው 140 ካሬ ሜትር ለቤቱና ለሰርቪስ ቤቱ ይበቃል።

በሩንም አልዘነጋንም። ጋራዡ ከበሩ ወዲያው ስለሚጀምር ወደ ውስጥ የሚከፈት የብረት በር መኪናውን ይመታል፤ ስለዚህ በአጥሩ ጎን የሚንሸራተት በር ይሻላል። ከእርሱ አጠገብ ለእግረኛ የሚሆን ትንሽ በር ለብቻው ይሠራል። ይህ ቦታ ጸጥ ባለ የውስጥ መንገድ ላይ ስለ ሆነ መኪናው በር እስኪከፈት ከውጭ ጥቂት ቢቆም ማንንም አያውክም። ቤቱ በትልቅ ጎዳና ላይ ቢሆን ግን በሩን የመኪና ርዝመት ያህል ወደ ውስጥ ማስገባት ያስፈልግ ነበር። ሌሊት ዘበኛው እስኪነቃ በጎዳና ላይ ቆሞ ክላክስ የሚነፋ ሰው ሰፈሩን ሁሉ እንደሚቀሰቅስ የማያውቅ የአዲስ አበባ ሰው የለም።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን የሕፃናት ነገር ነው። ነጂ ወደ ኋላ ሲነዳ ከመኪናው በስተኋላ ዝቅ ብሎ የተቀመጠ ሕፃን አይታየውም። በመጀመሪያው ፕላን መኪናው በየጧቱ በወጥ ቤቱ በር በኩል 14 ሜትር ወደ ኋላ ሊነዳ ነበር። በአዲሱ ግን ማታ ሲገባ ወደ ኋላ ገብቶ፥ ጧት ፊቱን ወደ መንገዱ አድርጎ ይወጣል። ልጆች ከሚጫወቱበት ሜዳ ላይ አንድ ጎማ አይሽከረከርም።

ስለ መጪው ዘመን

ልጁ አሮጌ መኪናውን ሲሸጥ የኤሌክትሪክ መኪና ሊገዛ አስቧል። በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መንግሥት በ2016 ዓ.ም. ከከለከለ ወዲህ ብዙ ሰው ወደዚያ እያዘነበለ ነው። ይህም የጋራዥን ነገር ይለውጠዋል። የኤሌክትሪክ መኪና ጭስ የለውምና ከቤት የሚያርቀው አንድ ምክንያት ተነሣ። በምትኩ ግን ሽቦ ይፈልጋል። የመብራት ቆጣሪው በአብዛኛው ግቢ ከበሩ አጠገብ ስለሚተከል ከበሩ አጠገብ ያለ ጋራዥ አጭር ሽቦ ይበቃዋል፤ ከጓሮ ያለው ግን ወፍራም ሽቦ በግቢው ሁሉ መቅበርን ይጠይቃል።

ለባለቤት ይህን ማወቅ ይበጃል፦ በቤት ውስጥ የሚተከል 32 አምፔር ባትሪ መሙያ ወደ 7 ኪሎ ዋት ኃይል ይስባል። ይህም ሁለት የኤሌክትሪክ እንጀራ ምጣድ በአንድ ጊዜ እንደ መጣድ ያህል ነው። ስለዚህ እንጀራ በሚጋገርበት ሰዓት መኪና አይሞላም። ሽቦውም የራሱ ማብሪያ ማጥፊያና የመሬት ሽቦ ኖሮት በባለሙያ እጅ ይዘርጋ። መኪና ዛሬ ባይኖርም እንኳ ወለሉ ሳይፈስ ባዶ ቱቦ ቀብሮ መተው ብዙ ወጪ ያድናል።

እንግዲህ ቤት ለመሥራት ያሰባችሁ አንባቢዎች ሆይ፥ ከአንድ ቀን ጉዞ የተማርነው ይህን ያህል ነው። ውሃው የሚሄድበትን አስቀድማችሁ ተመልከቱ። ፀሐይ የምትገባበትን ምልክት አድርጉ። ጋራዡን ከበሩ አቅርቡት፥ ወደ ሜዳው ግለጡት፥ ሰው በሚበዛበት ቀን ለሰው የሚሆን አድርጉት። ይህ ምክር በ1,000 ካሬ ሜትር ላይ ለሚሠራ ሰው ላያስፈልግ ይችላል። በ200 ካሬ ሜትር ላይ ለሚሠራ ግን ጋራዡን ማኖር ማለት እናትንና ልጆችን ማኖር ማለት ነው።

መሐንዲሱም በማግሥቱ መጥቶ በኖራ የተሠመረውን አየ። ቅር ይለው ይሆን ብለን ሠግተን ነበር፤ እርሱ ግን ሜትሩን አውጥቶ ሁሉንም ለካና በደብተሩ ጻፈ። ሊሄድ ሲል ግን በሜዳው ላይ በኖራ የተከበበች አንዲት ትንሽ ክብ አይቶ «ይህችስ ምንድር ናት? ዛፍ ነው?» ሲል ጠየቀ።

የእኅቴ ልጅም «የእናቴ ዱካ ናት። በፕላኑ ላይ ያስገቡልኝ፤ ሌላውን ከእርሷ ጀምረው ይለኩልኝ» አለው።